ስሙ ሬፕሊካ፣ እርሳሱ እውነተኛ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2021 በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከሳንታ ፌ ከተማ አቅራቢያ "ረስት" የተባለ የካውቦይ ፊልም ልምምድ ላይ ነበር። ተዋናዩ አሌክ ባልድዊን ከያዘው ሽጉጥ አንድ ጥይት ወጣ። የፊልሙ የካሜራ ባለሙያ ሃሊና ሃቺንስ ሞተች፤ ዳይሬክተሩ ጆኤል ሱዛ ቆሰለ። የፊልሙ የመሣሪያ ኃላፊ በ2024 ጥፋተኛ ተብላ 18 ወር ተፈረደባት። የባልድዊን ክስ ግን በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ፣ ማስረጃ ለተከላካይ ወገን ሳይሰጥ ቀርቷል ተብሎ ተዘጋ። ዜናው ሁሉ ስለ ዝነኛው ተዋናይና ስለ ጠበቆቹ ነበር። ስለ ሽጉጡ የተወራው ጥቂት ነው።

ሽጉጡ ሬፕሊካ ነበር። ጣሊያን አገር በፒዬታ ፋብሪካ የተሠራ፣ የ1873ቱ ኮልት አምሳያ።

ሬፕሊካ የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አሳሳች ነው። የአርሰናል ሬፕሊካ ማልያ አለ፤ ከዋናው የማይለይ፣ ዋጋው ግን ሩብ የሆነ ሰዓት አለ፤ መርካቶ ላይ "ኮፒ ነው" ተብሎ የሚሸጥ ጫማ አለ። ሬፕሊካ ሲባል የውሸት፣ የማስመሰያ፣ ቢበዛ የማስታወሻ ዕቃ ነው የሚመስለው። በመሣሪያ ንግድ ውስጥ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። በጥንት ንድፍ፣ በዛሬ ብረት፣ ዛሬ የተሠራ ሽጉጥ ማለት ነው። ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አይደለም። ያጎርሱታል፣ ይተኩሳል፣ ይገድላል። አሜሪካ ውስጥ ለኢላማ ተኩስ መዝናኛ ብሎ አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሐበሻ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ቃሉን በተሳሳተ መንገድ የተረዳ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል፤ አንዱ ቤቱ፣ ሌላው የኢሚግሬሽን ፋይሉ።

ሽጉጡ መወደዱ አያስገርምም። ለኢትዮጵያዊም እንግዳ አይደለም። በሲኒማ ኢትዮጵያም ሆነ በሰፈር ቪዲዮ ቤት የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ጭኑ ላይ ዝቅ ብሎ የታሰረ የቆዳ ማኅደር፣ የተጠማዘዘ የእንጨት እጀታ፣ በአውራ ጣት ወደ ኋላ የምትሳብ መዶሻ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ያ ሁሉ "አሜሪካዊ" ትዕይንት በከፊል የጣሊያን ሥራ መሆኑን ነው። የሰርጂዮ ሌዮኔ ፊልሞች ስፔን በረሃ ውስጥ በጣሊያኖች ተቀርጸዋል። ሽጉጦቹንም ቢሆን የዛሬውን ገበያ የያዙት የብሬሻ ልጆች ናቸው።

ብሬሻ በሰሜን ጣሊያን ያለ አውራጃ ነው። በውስጡ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የሚባል የተራራ ሸለቆ ከተማ አለ። ቤሬታ እዚያ ከ1526 ጀምሮ ጠመንጃ ይሠራል። በ1959 አልዶ ኡቤርቲ የተባለ የዚያው አካባቢ ባለሙያ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ የ1851ዱን የኮልት ኔቪ ሽጉጥ አምሳያ መሥራት ጀመረ። ጊዜው ጥሩ ነበር። አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸውን 100ኛ ዓመት ሊያከብሩ ሲዘጋጁ፣ የአያቶቻቸውን ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው በዝቶ ነበር። ዋናዎቹ ግን ወይ ሙዚየም ገብተዋል፣ ወይ ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል። ጣሊያኖቹ ሠርተው ላኩ። ፒዬታም ከዚያው አካባቢ ተከተለ። ኮልት ኩባንያ ራሱ የ1873ቱን ሽጉጥ ማምረት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር አቋርጦ በ1956 ነው የቀጠለው። ዛሬም ይሠራዋል፤ ዋጋው ግን ከጣሊያኑ አምሳያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የካውቦይ ሽጉጥ ታጥቆ የሚታይ ሰው በአብዛኛው የታጠቀው የጣሊያን ሥራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ውበቱ ነው። "ሲንግል አክሽን" የሚባለው ቃታው አንድ ሥራ ብቻ ስላለው ነው። ቃታው መዶሻዋን መልቀቅ እንጂ መሳብ አይችልም። መዶሻዋን ተኳሹ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል። በጥንቱ አሠራር እስክትቆም ድረስ አራት ጊዜ ቀጭ ትላለች፤ ጥይት የያዘው ሲሊንደርም አብሮ አንድ ስድስተኛ ይዞራል። ከዚያ ቃታው በትንሽ ጉልበት ይለቃታል። ለሚቀጥለው ጥይት እንደገና አውራ ጣት። ስድስቱ ሲያልቁ በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ ባዶውን ቀለህ በዘንግ አንድ በአንድ ገፍቶ ማውጣት፣ ከዚያ አንድ በአንድ ማጉረስ ነው።

ለጦርነት ይህ ድሮ የቀረ ነገር ነው። ለኢላማ ተኩስ ግን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ዘመናዊውን ባለ 17 ጥይት ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካዝናውን ባዶ አድርጎ፣ ወረቀቱን እንደ ወንፊት በስቶ፣ ምን እንደተማረ ሳያውቅ ይወጣል። በአሮጌው ሽጉጥ እያንዳንዷ ጥይት ውሳኔ ትጠይቃለች። መሳብ፣ ማነጣጠር፣ መተንፈስ፣ መልቀቅ። መዝናናት የፈለገ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። "ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ" የተባለው ከ1987 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ማኅበር ውድድሩን ሁሉ የገነባው በእነዚህ ሽጉጦች ላይ ነው። ተወዳዳሪው የድሮ ልብስ ይለብሳል፣ የካውቦይ ቅጽል ስም ያወጣል፣ ቅርብ በተተከለ የብረት ኢላማ ላይ ይተኩሳል። ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ጥይት የሚጎረስበት ጠረጴዛ ለብቻ፣ ሽጉጥ ባዶ መሆኑ በሌላ ሰው ዓይን የሚረጋገጥበት ጠረጴዛ ለብቻ ነው። የፊልም መቅረጫው ላይ የጎደለው ይኸው ነው። ባርኔጣ ያጠለቁ ጡረተኞች ቅዳሜ ጠዋት የሚያደርጉትን ጥንቃቄ በሚሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስ ፊልም አላደረገውም።

የመጀመሪያው ውድቀት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አምሳያው የጥንቱን ውበት ብቻ ሳይሆን የጥንቱን ጉድለትም አብሮ ቀድቶ ይመጣል።

በ1873ቱ ንድፍ መዶሻዋ በረፍት ላይ ስትሆን ጫፏ ከሥሯ ባለው ጥይት ላይ ያርፋል። ስድስቱም ቦታ ጎርሶ ሽጉጡ ከጠረጴዛ ቢወድቅ፣ ወይም መዶሻዋን አንድ ነገር ቢመታት፣ ማንም ቃታ ሳይስብ ሊተኮስ ይችላል። የጥንት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ስድስት ጎራሹን አምስት ብቻ ያጎርሱት ነበር። አንድ ይጎርሳሉ፣ አንድ ይዘላሉ፣ አራት ይጎርሳሉ፣ ከዚያ መዶሻዋን ስበው ባዶው ቦታ ላይ ያሳርፏታል። የውድድር ማኅበሩም እስከ ዛሬ በዚሁ ሕግ ይሠራል። የአሜሪካው ሩገር ኩባንያ በ1973፣ ማለትም ንድፉ ከወጣ ልክ 100 ዓመት በኋላ፣ ቃታው ካልተሳበ መዶሻዋ ጥይቱን እንዳትነካ የሚከለክል ብረት አስገብቶ ችግሩን ፈታው። አንዳንድ አዳዲስ የጣሊያን ሞዴሎችም የራሳቸው መጠበቂያ አላቸው። "እንደ ጥንቱ" ተብሎ በኩራት የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ የለውም። ሻጩን የመጀመሪያ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት በዚህ ላይ ነው፤ ስለ እጀታው እንጨት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ ግልጽ ካልሆነ አምስት ብቻ ማጉረስ ነው።

ገዢው ከፊቱ ሦስት ዓይነት ያገኛል። አንደኛው የ1873ቱ አምሳያ ነው፤ በተለምዶ በ45 ኮልት፣ በ357 ማግነም ወይም በ38 ስፔሻል ጥይት የሚሠራ። ለጀማሪ የ357ቱ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ርካሹንና ለስላሳውን 38 ስፔሻልም ይተኩሳል። የ45 ኮልት ጥይት ውድ ነው፤ በወር ሁለቴ ለሚተኩስ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የጥይቱ ወጪ የሽጉጡን ዋጋ ያልፈዋል። ሁለተኛው በ22 ካሊበር የሚሠራው ትንሹ ነው። ቅርጹ አንድ ነው፤ ዋጋው ግማሽም አይሞላ፤ ጥይቱ በሳንቲም የሚቆጠር ነው። ኢላማ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ብዙዎች ግን "የልጅ መጫወቻ ይመስላል" ብለው ያልፉታል። ጉራ ዋጋ ያስከፍላል።

ሦስተኛው ከ1873 በፊት የነበረው ነው፤ የ1851ዱ ኔቪ፣ የ1858ቱ ሬሚንግተን፣ የ1860ው አርሚ አምሳያዎች። እነዚህ ዝግጁ ጥይት አይጎርሱም። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ባሩድ ይጨመራል፣ ክብ የእርሳስ ድብልብል በማንሻ ተጭኖ ይገባል፣ ከኋላ በትንሿ የመዳብ ቆብ ይታሰራል። የኢትዮጵያ አርበኛ በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ እየጠቀጠቀ ይተኩስበት የነበረውን ጠመንጃ ከታሪክ የሚያውቅ ሰው አካሄዱ አይጠፋውም። ደስታው ብዙ ነው፤ ጭሱ፣ ሽታው፣ ድምፁ። ጣጣውም ብዙ ነው። ከጥቁር ባሩድ ወይም ለዚሁ ከተሠራ ምትኩ በቀር ዘመናዊውን ጭስ አልባ ባሩድ ማስገባት ሽጉጡን በእጅ ላይ ያፈነዳል። ቀዳዳዎቹ በቅባት ወይም በልክ በገባ እርሳስ ካልተዘጉና ቆቦቹ ልክ ካልሆኑ፣ የአንዱ እሳት ወደ ጎረቤቱ ዘሎ ሁለትና ሦስት ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ሊተኮስ ይችላል። ዝገቱ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ የተኮሱ ዕለት ማታ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ ካላደረ በማግስቱ ይቀላል። ከሥራ ተርፎ ለማረፍ የፈለገ ሰው ይህን የቤት ሥራ አስቦበት ይግዛ።

ሕጉም የሚወሳሰበው በእነዚህ ሁለት ዓይነቶች መካከል ነው። በ1968ቱ የአሜሪካ ፌዴራል የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት ከ1898 በፊት ወይም በዚያው ዓመት የተሠራ፣ ወይም የዚያ ዘመን አምሳያ ሆኖ ዘመናዊ ጥይት የማይጠቀም መሣሪያ "አንቲክ" ይባላል፤ በፌዴራሉ ትርጉም የጦር መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ባሩድና እርሳስ የሚጠቀጠቅበት የ1851ዱ አምሳያ በብዙ ግዛቶች እንደ መጥበሻ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል። የ1873ቱ አምሳያ ግን፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው የእንጨት እጀታ፣ ያው "ሬፕሊካ" የሚል ስም ይዞ ሳለ፣ ሙሉ የጦር መሣሪያ ነው። ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይመጣል፤ 4473 የሚባለው ፎርም ይሞላል፤ የገዢው ታሪክ ይጣራል።

እንዲህ ሲባል "እንግዲያው የመጀመሪያውን ገዝቶ መገላገል ነው" የሚል ብልጥ አይጠፋም። ብልጠቱ ግን ሩቅ አይወስድም። ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ለምሳሌ ኒው ጀርሲ ይህንኑ የባሩድ ሽጉጥ እንደ ማንኛውም ሽጉጥ አስቀድሞ የመግዣ ፈቃድ ትጠይቅበታለች። በተጨማሪም ለነዚህ አሮጌ ሞዴሎች ዘመናዊ ጥይት እንዲጎርሱ የሚያደርግ መለወጫ ሲሊንደር ለብቻው ይሸጣል። መለወጫው የገባለት ዕለት ሽጉጡ በሕግ ዓይን "አንቲክ" መሆኑ ያበቃል። መሣሪያ መያዝ የማይፈቀድለት ሰው በትርፍ ዕቃ ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው።

መሣሪያ መያዝ የማይፈቀድለት ማነው? ሐበሻው አንባቢ ቆም ብሎ ሊያጤነው የሚገባው ይህን ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ሌላ እገዳ ከሌለበት፣ መግዛት ይችላል። በተማሪ ቪዛ፣ በጎብኚ ቪዛና በመሳሰሉት ጊዜያዊ ቪዛዎች የገባ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩት በስተቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ያለ ሰውም እንዲሁ። "መያዝ" ማለት ደግሞ መግዛት ብቻ አይደለም። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ የጓደኛን ሽጉጥ ተቀብሎ አምስት ጥይት መተኮስም መያዝ ነው። ፎቶ ተነስቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፉ ደግሞ ለዐቃቤ ሕግ ሥራ ማቃለል ነው። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ወይም ሁኔታው ያልጠራ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ሳያማክር ወደ መደርደሪያው ባይጠጋ ይሻላል። ጠበቃው ለአንድ ሰዓት የሚያስከፍለው ከሽጉጡ ዋጋ አይበልጥም።

ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን ከአደጋ ውጪ አይደለም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድን ራሱን የቻለ ከአገር የመባረሪያ ምክንያት አድርጎታል። ገድሏል ወይም ዘርፏል አይልም፤ በሕገወጥ መንገድ መግዛት፣ መሸጥ፣ መያዝ፣ መሸከም ይበቃል። 20 ዓመት ግብር የከፈለ፣ ሦስት ልጅ ያሳደገ ሰው በዚህ ሊወድቅ ይችላል። ፎርሙ ላይ ደግሞ ስለ ዜግነት የሚጠይቅ ቦታ አለ። ቸኩሎ ወይም አፍሮ "የአሜሪካ ዜጋ" የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ የግሪን ካርድ ባለቤት፣ ሐሰተኛ የዜግነት ማረጋገጫ ሰጥቷል ተብሎ ይቅርታው እጅግ ጠባብ ወደሆነ ሌላ ጉድጓድ ይገባል። ሻጩ ይህን አያብራራም፤ ሥራውም አይደለም።

የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ዲሲ ይሠራል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠርግ ይሄዳል። በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ያቋርጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕግ የገዛው የ1873 አምሳያ ዲሲ ሲገባ ያልተመዘገበ መሣሪያ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ሽጉጥ ለመግዛት አስቀድሞ ሥልጠናና የጣት አሻራ ያለበት ፈቃድ ትጠይቃለች። ዲሲ ውስጥ ያለ ምዝገባ ጥይት ብቻ መያዝም ወንጀል ነው፤ ቅዳሜ ከተኩስ የተረፈች አንዲት ጥይት የጃኬት ኪስ ውስጥ ተረስታ ሰኞ ሥራ ቦታ መግባቷ ቀልድ አይደለም። ከተኩስ ቦታ በቀጥታ ወደ ቤት፣ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ ለብቻው። መንገድ ላይ ጎራ ብሎ ክትፎ መብላት ለሌላ ቀን ይደር።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ይሉኝታ ነው። "ወንድሜ፣ ወረቀቴ ገና ነው፤ በስምህ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ።" መኪና በስም ይገዛል፣ ቤት በስም ይከራያል፣ ዕቁብ በስም ይጣላል፤ ይሄ ምን ልዩ ነገር አለው? ልዩነቱ እስከ 15 ዓመት የሚያደርስ እስራት ነው። በ2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መሣሪያ መያዝ ለማይችል ሰው መግዛትን ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል አድርጎታል። ፎርሙም ገና ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንስቶ "እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ?" ይላል። እዚያ ላይ "አዎ" ብሎ የፈረመ ሰው ለዘመዱ ውለታ አልዋለም፤ ሁለቱንም ነው የጎዳው። ወዳጅነቱ ቢሻክር እንኳ "አይሆንም" ማለት ይቀላል።

የሕጉ ነገር በቂ ነው። ቤት ውስጥ የሚሆነው ግን ከፍርድ ቤት በፊት ይመጣል። ለመዝናኛ ተብሎ የተገዛ ሽጉጥ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይተኮሳል፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ቤት ውስጥ ነው። ሌሊት ሱቅ የሚዘጋ፣ ኡበር የሚነዳ፣ የዝርፊያ ዜና የሚሰማ ሰው "ለኢላማ" ብሎ የገዛውን ውሎ አድሮ ትራስ ሥር ማሳደር ይጀምራል። ይህ ሽጉጥ ለዚያ አልተሠራም። በድንጋጤ ውስጥ አውራ ጣት መዶሻዋን ያንሸራትታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎርሶ ያደረ የጥንት ሽጉጥ ከላይ የተነገረውን የመውደቅ አደጋ ይዞ ያድራል። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በሐበሻ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ ጭንቀትና ድብርት እንደ ነውር በሹክሹክታ ነው የሚወራው፤ ቤት ውስጥ ማን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ባለቤቱ እንኳ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበት ቤት ሽጉጥ አያስፈልገውም። ለመተኮስ ያማረው በተኩስ ቦታው ተከራይቶ፣ ተኩሶ፣ መልሶ አስረክቦ መሄድ ይችላል። የተፈቀደለት ሰው ይህን ማድረጉ ስስት አይደለም፤ ዓመት ሳይሞላ ምኞቱ ወጥቶለት ገንዘቡ የሚተርፈው ብዙ ነው።

ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ልጅ ይህን ሽጉጥ ከፊልምና ከቪዲዮ ጌም ያውቀዋል፤ አባቱም "ሬፕሊካ ነው" ሲል ሰምቶታል። ልጅ ሬፕሊካ የሚለውን ቃል የሚረዳው እንደ መጫወቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከቤት ይውጣ፤ ሽጉጥ ይባል። ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ከሽጉጡ በፊት ይገዛ፣ ቁልፉም ኮመዲኖ ላይ አይደር።

የተገላቢጦሹም አለ። ኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ በእውነተኛ አምሳያ መጫወቻ ሽጉጥ ሲጫወት ፖሊስ ደርሶ በሰከንዶች ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ያ እውነትም ማስመሰያ ነበር፤ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው አሜሪካ ውስጥ የሽጉጥ ቅርጽ ያለው ዕቃ ይዞ ሲታይ "ሬፕሊካ ነው" ለማለት ጊዜ አያገኝም። የካውቦይ ቀበቶ ታጥቆ ከመኪና ማቆሚያ እስከ ተኩስ ቦታው መግቢያ መንጎራደድ ለባልደረባው ለጆን ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ለአበበ ግን በሣጥን ውስጥ ቢሄድ ይሻላል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ግን እውነት ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ የገዛ ሰው፣ ወረቀቱ የጠራ፣ ቤቱ የተረጋጋ፣ ትዕግሥት ያለው፣ ጥሩ ነገር ገዝቷል። የጆሮና የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ካለችው ክፍተት ትኩስ ጋዝና የእርሳስ ፍንጣሪ ስለሚወጣ ግራ እጁን ከፊት አያስቀድም፤ ከተኩስ በኋላ እጁን ሳይታጠብ ምግብ አይንካ። የመጀመሪያውን መቶ ጥይት በሰባት ሜትር ላይ ቀስ ብሎ ይተኩስ። ብዙዎቹ አምሳያዎች ያላቸው የማነጣጠሪያ ጫፍ የማይስተካከል ስለሆነ፣ ጥይቱ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ታች ቢሄድ ሽጉጡ ተበላሽቷል ብሎ አይመልስ። በዚህ ላይ ሰፊ መማሪያ አለ፤ በየከተማው ያሉ ማኅበራትም ለአዲስ ሰው እጃቸው የተፈታ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ጉዞ። ለገናና ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ሲኬድ "ለአጎቴ ጌጥ ይሆነዋል፣ ሬፕሊካ ነው" ብሎ ሻንጣ ውስጥ የሚጨምር ሰው አይጠፋም። በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ሕግ የእጅ ሻንጣ ውስጥ አምሳያም ቢሆን አይገባም፤ እውነተኛው የሚጫነው ባዶ ሆኖ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ ብቻ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ከነጭራሹ አይጫንም። ቦሌ ላይ ደግሞ የሚጠብቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ፈታሹ ሽጉጡን አንስቶ፣ መዶሻዋን ስቦ፣ ሲሊንደሩ ሲዞር አይቶ "ይሄ ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም?" ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ "ይተኩሳል" ነው።